ግድግዳው እየታየ ምርመራው ለማን ነው?

ጥር ላይ የኢይዝራኤል ሸለቆ ማለዳውን በጉም ተሸፍኖ ያረፍዳል። ከጊልቦዓ ተራሮች እስከ ሞሬ ኮረብታ ያለው የእርሻ መሬት ዝናብ ጠጥቶ ይጠቁራል፤ የእስራኤሏ ከተማ አፉላም በመካከሉ ረጥባ ትከርማለች። በዚህ ወቅት ሺኩን ከሚባሉት የድሮ የመኖሪያ ሕንፃዎች ወደ አንዱ ገብቶ ደረጃ የሚወጣ እንግዳ፣ በር ሳይከፈትለት ሁለት ሽታ ይቀበለዋል። አንደኛው የሚቆላ ቡና ነው። ሁለተኛው ከግድግዳ የሚወጣ፣ እምክ እምክ የሚል ሽታ ነው።

የቤቱ እመቤት እንግዳዋን ሳሎን አስቀምጣ፣ ቡና አጠጥታ ብትሸኝ ትመርጣለች። ችግሯን ላሳይ ካለች ግን የምትወስደው ወደ ልጆቹ መኝታ ቤት ነው፤ ብዙ ጊዜ በሰሜን በኩል ያለው፣ በክረምት ፀሐይ የማያየው ክፍል። ቁም ሣጥኑ ከግድግዳው ፈቀቅ ሲል የጀርባው ጉድ ይወጣል። ከጣሪያው ጥግ የጀመሩት ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ወደ ታች እየሰፉና እየተያያዙ መጥተው፣ ወለሉ ጋ ሲደርሱ አንድ ወጥ ጥቁረት ሆነዋል። አምና የተቀባው ቀለም ተነፍቶ ተልጧል። በአሉሚኒየሙ መስኮት ሐዲድ ውስጥ ውኃ ስለቆመ ፎጣ ተወትፎበታል። ለበዓል የሚለበሰው የሐበሻ ቀሚስ ከነፕላስቲኩ ሲወጣ ጥለቱ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ አለበት።

ከዚያ ከአከራዩ ወይም ከቤት ኩባንያው የተላከ ሰው ይመጣል። ዕብራይስጡን የምታስተረጉመው ልጅቷ ናት።

«እማዬ፣ መስኮት ትከፍቻለሽ ወይ ይልሻል።»

«በዚህ ብርድ? ልጁ ደረቱ ሲር ሲር እያለ?»

«እንጀራ እቤት ውስጥ ነው ወይ የምትጋግሩት ይላል።»

«ታዲያ የት ልጋግር? እንጀራ የምጋግረው ኩሽና ነው፣ ሻጋታው ያለው መኝታ ቤት ነው በይው።»

ይህ የአንዲት እናት ብቻ ንግግር አይደለም፤ ክረምት በገባ ቁጥር፣ በየደረጃው በትንሽ በትንሹ እየተለዋወጠ የሚደጋገም ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀውም በአንድ ዓይነት ምክር ነው። ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ «ለምን የአየር ምርመራ አታስደርጉም? በቁጥር የተጻፈ ውጤት ካላችሁ ማንም አይክዳችሁም» ይላል። ምርመራው ደግሞ በነፃ አይደለም። ለወር አስቤዛ የተያዘ ገንዘብ ወጥቶ፣ አንድ ሰው ትንሽ ፓምፕ ይዞ መጥቶ፣ የክፍሉን አየር ለጥቂት ደቂቃ ስቦ ይሄዳል። ከቀናት በኋላ የሻጋታ ስሞችና ቁጥሮች የሰፈሩበት ወረቀት ይመጣል።

ክርክሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ያ ወረቀት ምን ይናገራል? ለጤናስ ምን ይፈይዳል?

የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ዝርዝር መመሪያ አውጥቷል። እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖር ሰው ለአስምና ለሌሎች የመተንፈሻ አካል ችግሮች ይበልጥ እንደሚጋለጥ በግልጽ አስቀምጧል። ግን «በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ይህን ያህል የሻጋታ ዘር ካለ አደገኛ ነው፣ ከዚያ በታች ከሆነ ግን ደኅና ነው» የሚል ቁጥር አልሰጠም። ምክንያቱን ሲገልጽም፣ በእርጥበቱ፣ በሻጋታው ብዛትና በሚመጣው ሕመም መካከል ያለውን ዝምድና በትክክል በቁጥር መለካት አልተቻለም ብሏል። የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም አቋሙ ተመሳሳይ ነው። ለአየር ወለድ ሻጋታ የተደነገገ መጠን የለም፤ ሻጋታው በዓይን ከታየ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ናሙና መውሰድ አያስፈልግም።

እንግዲህ ያ ወረቀት የሚነጻጸርበት ሚዛን የለም ማለት ነው። የስኳር ወይም የደም ግፊት ውጤት የያዘ ሰው «ከልክ በላይ ነው» ወይም «ደኅና ነው» ይባላል፤ ሐኪሙ የሚመለከተው የታወቀ መስመር አለ። የሻጋታ ቁጥር ግን እንዲህ ያለ መስመር የለውም። መርማሪዎቹ የሚያደርጉት የውስጡን አየር ከውጪው ጋር ማወዳደር ነው። በዚያ ላይ አፉላ ያለችው በእርሻ መሀል ነው። በእስራኤል አየር ውስጥ በብዛት ከሚገኙት የሻጋታ ዓይነቶች አልተርናሪያና ክላዶስፖሪየም ይጠቀሳሉ፤ ሁለቱም በእርሻ ማሳና በደረቀ ቅጠል ላይ የሚራቡ ናቸው። ነፋስ በነፈሰበት ቀን የውጪው ቁጥር ከፍ ይልና የውስጡን ንጹሕ ያስመስለዋል፤ ዝናብ አየሩን ባጠበበት ቀን ደግሞ ያው ክፍል የተበከለ ሆኖ ይገኛል። ፓምፑ የሚስበው የጥቂት ደቂቃ አየር ነው። አልጋ ሲነጠፍ፣ ልጅ ሲሮጥ፣ ቁም ሣጥን ሲከፈት ዘሩ ይነሣል፤ ሌሊት ሁሉም ሲተኛ መልሶ ይሰፍራል።

ላቅ ያለ ቴክኖሎጂ የተሞከረበት ጊዜም ነበር። የአሜሪካው ኤጀንሲ ተመራማሪዎች የቤት አቧራ ሰብስቦ የ36 የሻጋታ ዓይነቶችን ዲ ኤን ኤ የሚቆጥርና ቤቱን በአንድ ነጥብ የሚመዝን ዘዴ ሠርተው ነበር። ኤርሚ ይባላል። የተሠራው ለጥናት ሆኖ ሳለ ኩባንያዎች ለማንኛውም ቤተሰብ መሸጥ ጀመሩ። በ2013 የራሱ የኤጀንሲው ዋና ተቆጣጣሪ ቢሮ፣ መሣሪያው ለሕዝብ አገልግሎት ብቁነቱ ሳይረጋገጥ ሰዎች በእሱ ላይ ተመሥርተው የተሳሳተ ውሳኔ ሊወስኑ እንደሚችሉ አስጠነቀቀ። ምርመራው ከቤት አልፎ ወደ ሰው ሰውነትም ገብቷል። «በሽንትዎ ውስጥ የሻጋታ መርዝ እንፈልጋለን» የሚሉ ላቦራቶሪዎች አሉ። የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ በ2015 ባወጣው ጽሑፍ ይህ ምርመራ በሽታ ለመለየት እንደማያገለግል ገልጿል። ኩፓት ሖሊም በሚባለው የጤና መድን ተቋም ውስጥ የአለርጂ ሐኪም የሚያዘው የቆዳ ወይም የደም ምርመራ ሌላ ነው፤ እሱ ልጁ ለየትኛው ነገር አለርጂ እንዳለበት ስለሚያሳይ ሕክምናውን ይመራል።

ስለ ጤናው ጉዳት የሚነገረውም በሁለት ወገን ይጎተታል። አንዱ ወገን ድካምን፣ የመርሳት ችግርን፣ የመገጣጠሚያ ሕመምን ሁሉ ለሻጋታ ይሰጣል። ሌላው «ትንሽ ጥቁረት ነው፣ በበረኪና ጥረጉት» ብሎ ያልፋል። በ2004 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ያሉትን ጥናቶች ሁሉ መርምሮ የደረሰበት መካከለኛ መደምደሚያ እስከ ዛሬ ጸንቷል። እርጥበት ያለበት ቤት ከሳል፣ ከአፍንጫና ከጉሮሮ ሕመም፣ ከትንፋሽ ሲር ሲር ማለት፣ አስም ባለበት ሰው ደግሞ ከአስሙ መባባስ ጋር እንደሚያያዝ በቂ ማስረጃ አለ። ለድካሙና ለመርሳቱ ግን በቂ ማስረጃ አልተገኘም። በ2007 ተመራማሪው ፊስክና ባልደረቦቹ በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ አስልተው፣ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የመተንፈሻ አካልና የአስም ችግሮች ከ30 እስከ 50 በመቶ እንደሚጨምሩ አሳይተዋል። የሰውነት መከላከያቸው በጣም የደከመ ሰዎች፣ ለምሳሌ መቅኔ የተቀየረላቸው ሕሙማን፣ ጉዳያቸው ሌላ ነው። እነሱን አስፐርጊለስ የተባለው ሻጋታ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሊገድል ይችላል።

የክሊቭላንድ ከተማ ታሪክ የዚህን ክርክር ሁለት ገጽ ያሳያል። በ1993 እና በ1994 በዚያች የአሜሪካ ከተማ በርካታ ሕፃናት ሳንባቸው ደማ። ሲዲሲ ውኃ በገባባቸው ቤቶች ከተገኘው ስታኪቦትሪስ ከተባለ ጥቁር ሻጋታ ጋር ግንኙነት ሳይኖረው አይቀርም አለ። ጋዜጣውና ቴሌቪዥኑ «መርዘኛው ጥቁር ሻጋታ» እያለ ዓለምን አዳረሰ፤ የምርመራ ገበያውም ደራ። በ2000 ሲዲሲ ጥናቱን እንደገና አስመርምሮ ግንኙነቱ አልተረጋገጠም ሲል አስታወቀ። ይህ መታረሚያ ግን የመጀመሪያውን ዜና ያህል አልተሰማም። ከስድስት ዓመት በኋላ ከዚያችው ከተማ የወጣው ጥናት ከዚህ ያነሰ ዝና ቢያገኝም ጥቅሙ ይበልጣል። አስም ያለባቸውን 62 ልጆች ሻጋታ ካለባቸው ቤቶች መርጦ ለሁለት ከፈላቸው። ለአንደኛው ወገን ቤቱ ተጠገነ፣ ውኃ የሚያስገባው ተደፈነ፣ የረጠበው ተነሣ። ቤታቸው የተጠገነላቸው ልጆች አስማቸው የሚነሣባቸው ጊዜ በግልጽ ቀነሰ። ልጆቹን የጠቀማቸው የውኃው መቆም ነበር።

ለአፉላ አንባቢ ጉዳዩ ቅርብ የሚሆንበት ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ባመጣው የሰሎሞን ዘመቻ ከኢትዮጵያ የገቡ ቤተሰቦች፣ ከመቀበያ ማዕከልና ከካራቫን ከወጡ በኋላ በመንግሥት የቤት ብድር የገዙት ዋጋው በሚቀመሰው ቦታ ነበር። አፉላን የመሰሉ ከተሞች የድሮ ሰፈሮች የብዙዎቹ መኖሪያ ሆኑ። በ1999 የታተመ አንድ የእስራኤል ሐኪሞች ጥናት ከኢትዮጵያ በመጡ ስደተኞች ላይ ያልተለመደ ከፍተኛ የአስም ስርጭት እንዳለ አሳየ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ጅማ ላይ ተሠርቶ ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ፣ አስም በገጠሩ ሕዝብ ላይ ከከተማው ያነሰ መሆኑን አስመዝግቦ ነበር። የአስሙን መብዛት ለሻጋታ ብቻ መስጠት ስህተት ይሆናል። የቤት አቧራ ነፍሳት፣ የአበባ ብናኝ፣ የአኗኗር ለውጥ ሁሉ ድርሻ አላቸው፤ አቧራ ነፍሳቱም ቢሆኑ እርጥበት ይወዳሉ። ነገር ግን አስም የበዛበት ማኅበረሰብ እርጥበት በበዛበት ቤት ሲኖር «ትንሽ ጥቁረት ነው» ማለት አይገባም።

ቤቱ ለምን ይረጥባል? እንጀራ የጋገረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከምጣዱ የወጣው እንፋሎት አክንባሎው ላይ ሲደርስ ጠብታ ሆኖ ይንጠባጠባል። የመኝታ ቤቱ ሰሜናዊ ግድግዳም በክረምት እንደዚያው ነው። 20 ዲግሪ የሞቀና 60 በመቶ እርጥበት ያለው የክፍል አየር 12 ዲግሪ የቀዘቀዘ ግድግዳ ሲነካ ውኃ ይሆናል። ሻጋታ ጠብታው እስኪታይ እንኳ አይጠብቅም፤ ግድግዳውን የነካው አየር 80 በመቶ ከረጠበ ይበቃዋል፤ ለዚያ ደግሞ ግድግዳው ወደ 15 ዲግሪ መውረዱ ብቻ በቂ ነው። አራት ነፍስ ያለበት ቤተሰብ በመተንፈስ፣ በመታጠብ፣ በማብሰልና ልብስ በማድረቅ በቀን ወደ 10 ሊትር የሚጠጋ ውኃ ወደ አየር ይለቃል። ይህ የትኛውም ቤተሰብ፣ ኢትዮጵያዊም ሆነ ሩሲያዊ ወይም ሞሮኳዊ፣ ሲኖር የሚለቀው ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ግድግዳው ነው። በሃምሳዎቹና በስልሳዎቹ በጥድፊያ የተሠሩት ሺኩኖች የብሎኬትና የኮንክሪት ግድግዳቸው ሙቀት የሚይዝ ሽፋን የለውም። በክረምት ሌሊት ብርዱ በቀጥታ ያልፋል።

ወለቃ ወይም አምቦበር ያደጉት እናቶች በጎጆ ቤት ይህን አያውቁትም ነበር። ጭሱም እንፋሎቱም በሣሩ ክዳን ሾልኮ ይወጣል። ጭሱ ዓይንና ሳንባ ይጎዳ ነበር፣ ያንን መካድ አይቻልም፤ ግድግዳው ግን ይደርቃል።

አዲሶቹ ቤቶችም ከችግሩ አላመለጡም። ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ፣ ከ1992 ጀምሮ፣ በእስራኤል የሚሠራ አዲስ አፓርትማ ማማድ የሚባለው መጠለያ ክፍል እንዲኖረው ግዴታ ሆኗል። ወፍራም ኮንክሪት፣ አንድ ትንሽ መስኮት፣ አየር የማያስገባ የብረት መዝጊያ። በአብዛኛው ቤት የልጆች መኝታ የሚሆነው ይኸው ክፍል ነው። በጦርነት ጊዜ ቤተሰቡ ሙሉ ሌሊቱን እዚያው ተኝቶ ይተነፍሳል፤ ጠዋት የብረቱ መስኮት ያልበዋል። ጎረቤት ከጎረቤት በማማድ ሻጋታ መወቃቀስ የለበትም፤ ክፍሉ ሲሠራ ጀምሮ የታሰበው ለሚሳይል ነው። ፍራሹን ከግድግዳው አንድ ክንድ ማራቅ፣ በየጠዋቱ መስኮቱንና በሩን አብሮ ለአሥር ደቂቃ መክፈት፣ አቅም ካለ እርጥበት የሚመጥ ማሽን ማስገባት፣ ከአየር ምርመራ ወረቀት ይልቅ ይጠቅማል።

ታዲያ ሰው ለምን ምርመራውን ይፈልጋል? ሳንባ ወረቀት አይጠይቅም። ወረቀቱ የሚፈለገው ቃሉ ስላልታመነ ነው። «እናንተ ናችሁ ያመጣችሁት» የተባለ ሰው በቁጥር የሚመሰክርለት ይሻል። ይህ በአፉላ ብቻ የሚታይ አይደለም። በእንግሊዝ ሮችዴል ከተማ ከሱዳን የመጡ ወላጆች የተከራዩት የማኅበራዊ ቤት ግድግዳ እየሻገተ ነበር። አባትየው እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሲያመለክት ቀለም ቀባበት ተባለ፤ ስለ ቤተሰቡ አስተጣጠብና አበሳሰልም ግምት ተሰነዘረ። ልጁ አዋብ ኢስሐቅ ሁለት ዓመት በሞላው በስምንተኛው ቀን፣ በታኅሣሥ 2020 ሞተ። በኅዳር 2022 የሞቱን ምክንያት የመረመረችው ዳኛ፣ ልጁን የገደለው በቤቱ ውስጥ ለነበረው ሻጋታ ለረጅም ጊዜ በመጋለጡ የመጣ ከባድ የመተንፈሻ ችግር መሆኑን በየነች። የእንግሊዝ የቤት ጉዳይ እንባ ጠባቂ ከዚያ ብይን አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2021 ባወጣው ዘገባ፣ አከራዮች ሻጋታን በነዋሪው የአኗኗር ዘይቤ ማሳበባቸውን እንዲያቆሙ አሳስቦ ነበር።

በልጁ ስም የወጣው ሕግ ከጥቅምት 2025 ጀምሮ በእንግሊዝ የማኅበራዊ ቤት አከራዮች ላይ ይሠራል። ከባድ እርጥበትና ሻጋታ ሲነገራቸው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መርምረው፣ አደጋ ካገኙ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ማስወገድ አለባቸው፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ በ24 ሰዓት። ተከራዩ የላቦራቶሪ ቁጥር ይዞ እንዲመጣ የሚጠይቅ አንቀጽ የለበትም።

ኦሪትን የሚያነቡ ቄሶች ያሉበት ማኅበረሰብ ይህን ሥርዓት እንግዳ ሊለው አይገባም። በዘሌዋውያን 14ኛ ምዕራፍ ስለ ቤት ለምጽ የተጻፈው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። ባለቤቱ ያየውን ይናገራል፤ ካህኑ ራሱ መጥቶ ግድግዳውን፣ አረንጓዴ ወይም ቀይ የመሰለውን ምልክት ያያል፤ ቤቱ ሰባት ቀን ይዘጋል፤ ካህኑ ተመልሶ ያያል። ተስፋፍቶ ከተገኘ የተበከለው ድንጋይ ይወጣል፣ ልስኑ ተፍቆ ከከተማ ውጪ ይጣላል፣ ሌላ ድንጋይና ሌላ ጭቃ ይገባል። ተመልሶ ከበቀለ ቤቱ ይፈርሳል። ባለቤቱን «ምን ስታበስል ነበር?» የሚለው የለም።

ለምርመራ የሚሟገቱት ወገኖች የሚያነሡት ትክክለኛ ነጥብም አለ። ሽታው እያለ ሻጋታው የማይታይበት፣ ከጂፕሰም ጣሪያ በላይ ወይም ከወለል ንጣፍ ሥር የተደበቀበት ቤት አለ። የሰውነት መከላከያው የደከመ በሽተኛ ከአፉላው ሃኤሜክ ሆስፒታል ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ወይም ሆስፒታል ውስጥ ግንባታ ሲካሄድ፣ የአየር ናሙና ትርጉም አለው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ ዳኛ የባለሙያ አስተያየት ማየቱ አይቀርም። ያኔም ቢሆን ይበልጥ የሚጠቅመው ባለሙያ ውኃው ከየት እንደሚመጣ የሚያገኘው ነው። በግድግዳ እርጥበት መለኪያና በሙቀት ካሜራ ቧንቧ መፍሰሱን፣ ጣሪያ ማስገባቱን ወይም ግድግዳው ቀዝቅዞ ማላቡን ለይቶ የሚጽፍ ዘገባ፣ የሻጋታውን የላቲን ስም ከሚዘረዝር ገጽ ይልቅ ተጠያቂውን ያሳያል። የፈሰሰ ቧንቧ ወይም የተሰነጠቀ ጣሪያ ከሆነ «መስኮት ክፈቱ» የሚለው መልስ አያዋጣም።

ግድግዳው እስኪጠገን ድረስ ጥቁረቱን ማጽዳት ግድ ነው። ከአንድ ሜትር ካሬ ያነሰ ከሆነ ቤተሰቡ ራሱ በሳሙናና በውኃ አጥቦ ማድረቅ ይችላል፤ አስም ያለበት ልጅ ግን በዚያን ሰዓት ከክፍሉ ይውጣ። እዚህ አገር ኤኮኖሚካ የሚባለውን በረኪና ከአንቲ ካልክ ወይም ከሌላ አሲድ ያለው ማጽጃ ጋር መቀላቀል መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ሻጋታው በወራት ያላደረሰውን ጉዳት በደቂቃ ሊያደርስ ይችላል። በረጠበ ግድግዳ ላይ ቀለም መቀባት ገንዘብ ማባከን ነው።

ከግል አከራይ ለተከራየ ሰው በ2017 የተሻሻለው የእስራኤል የኪራይ ሕግ መሠረት ይሰጠዋል። ቤቱ ለጤና የሚያሰጋ መሆን የለበትም። አከራዩ ጉድለቱን ተከራዩ ከጠየቀበት ቀን አንሥቶ በ30 ቀን ውስጥ፣ ለመኖር የማያስችል አስቸኳይ ጉድለት ከሆነ ደግሞ በ3 ቀን ውስጥ መጠገን አለበት። ቀኑ የሚቆጠረው ከጥያቄው ስለሆነ ጥያቄው በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል። በስልክ የተነገረ፣ በደረጃ ላይ የተወራ ለማስረዳት ያስቸግራል። ዕብራይስጥ መጻፍ የሚከብዳት እናት ልጇ በዋትስአፕ ቢጽፍላት፣ ፎቶው ቀኑ እየታየ ቢላክ፣ የልጁ ሐኪም በኩፓት ሖሊም መዝገብ ላይ «ቤቱ እርጥበት አለው» ብሎ እንዲያሰፍር ብትጠይቅ፣ ለአየር ምርመራ ልትከፍለው የነበረው ገንዘብ እርጥበት ለሚመጠው ማሽን ይተርፋታል።